«ወደ ቤት ውሰዷቸው» ከተባለ በኋላ

በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በአገራችን ብዙ ቤተሰብ የሚያውቃት አንዲት የሐኪም ቤት ቃል አለች፤ «ወደ ቤት ውሰዷቸው» የምትል። ከዚህ ከእንሴኖ ከተማ ተነስቶ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የገባ ታማሚ ይህችን ቃል የሚሰማት አብዛኛውን ጊዜ በሬው ከተሸጠ፣ የበርበሬው ገንዘብ ካለቀ፣ መርካቶ ያሉት ልጆችም እጃቸው ካጠረ በኋላ ነው። ቃሏ ሁለት ነገር ትናገራለች። አንደኛው፣ በሽታው በቀዶ ሕክምናም ሆነ በመድኃኒት ሊመለስ የሚችልበትን ደረጃ አልፏል የሚል ሲሆን ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ሁለተኛው ሳይነገር የሚሰማ ነው፤ ከእንግዲህ ሐኪም የሚሠራላቸው ሥራ የለም ይላል። ይህ ስሕተት ነው። የማይድን ሰው የሚታከምበት፣ የማስታገሻ ክብካቤ የሚባል ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ አለ፤ ዓላማው ስቃይን ማስታገስ፣ የቀረውን ዕድሜ የሚኖሩት ዕድሜ ማድረግ፣ ቤተሰቡንም መደገፍ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እንሴኖን የመሰለች ከተማ ይህን ክብካቤ ለመጀመር አዲስ ሕንፃ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት አብዛኛው ነገር በየቤቱና በየዕድሩ አለ። የጎደላት ጥቂት ነው፤ ያ ጥቂት ግን በደግነት ብቻ የማይሞላ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ትክክለኛ መድኃኒት የሚጠይቅ ነው።

ሆስፒስም የሚባለው ይህ ክብካቤ በዘመናዊ መልኩ የተጀመረው ለንደን ውስጥ በ1967 ሲሲሊ ሳንደርስ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ስትከፍት ነው። ሳንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆነች ሴት ነበረች፤ የሥራዋ መሠረትም ከእነዚህ ከሦስቱ ሙያዎች የተገኘ ነው። የሚሞት ሰው ስቃይ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ ነገር ያስጨንቀዋል፣ ዕዳው ያሳስበዋል፣ ከፈጣሪው ጋር ያለው ጉዳይ ያውከዋል፣ እነዚህም ሁሉ ሕመሙን ያባብሱታል ስትል አስተማረች። ስለዚህ የሚረዳውም አንድ ሐኪም ብቻ ሳይሆን ነርስ፣ የሃይማኖት አባት፣ ቤተሰብና ጎረቤት በአንድነት የሚሠሩበት ቡድን መሆን አለበት። ሐሳቡ በ1979 ዚምባብዌ፣ በ1990 ናይሮቢ፣ በ1993 ካምፓላ ደረሰ። በእኛም አገር በ2003 ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ መሠረቱ። የዚህ ድርጅት አሠራር ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው፤ ዋናው ሥራ የሚሠራው በታማሚው ቤት ነውና። ነርሶቹ ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ ሕመሙን ይመዝናሉ፣ መድኃኒቱን ያስተካክላሉ፣ አስታማሚዋን ያስተምራሉ፣ ቀጠሮ ሰጥተው ይመለሳሉ። በ2016 ደግሞ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ብሔራዊ የማስታገሻ ክብካቤ መመሪያ አወጣ። ስለዚህ የምናገረው ነገር ለአገራችን ባዕድ አይደለም፤ ወደ ገጠር ከተሞች ገና በቅጡ ያልወረደ ነው እንጂ።

የሚያስፈልገው ሰው ብዛት ምን ያህል ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ወደ 57 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህን ክብካቤ እንደሚሹ፣ ከእነዚህ የሚያገኙት 14 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆኑ ይገምታል። ወደ አገራችን ስንመጣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት በ2020 ከ77 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን አዲስ በካንሰር እንደተያዙ፣ ከ51 ሺህ በላይ ደግሞ በዚያው በሽታ እንደሞቱ ያሳያል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው ሦስት ሰው ሲታመም ሁለት ያህሉ እንደሚሞት ትረዳላችሁ። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ አብዛኛው ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው፣ የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር። ጉዳዩ በካንሰርም አያበቃም። ልቡ የደከመ፣ ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ፣ ጉበቱ የተጎዳ፣ በስትሮክ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ሁሉ የዚህ ክብካቤ ባለመብት ነው። እንዲያውም በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት ክብካቤውን ከሚሹ አዋቂዎች መካከል የልብና የደም ሥር ሕመምተኞች ከካንሰር ታማሚዎች እንደሚበልጡ ያመለክታል።

እነዚህ ሰዎች የመጨረሻ ቀናቸውን የት ያሳልፋሉ? ለዚህ መልስ ይህ አካባቢ ራሱ ምስክር ነው። ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባለው ይህ ነው። ተመራማሪዎቹ የሞትን ምክንያት ለማወቅ የሆስፒታል መዝገብ ማገላበጥ አልበቃቸውም፤ ቤተሰቡ ዘንድ ሄደው ሟቹ ምን ያመው እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደተኛ፣ ምን ምልክት እንደታየበት መጠየቅ ነበረባቸው። ሰው የሚሞተው በቤቱ፣ ሐኪም በሌለበት፣ በዘመዶቹ እጅ ላይ ስለሆነ ነው። ሞት በቤት ከሆነ ደግሞ ክብካቤውም ወደ ቤት መሄድ አለበት። አልጋ ያለው ሆስፒስ ዘመድ ለሌለው፣ ቤት ለሌለው ሰው ያስፈልግ ይሆናል፤ ለእንሴኖ ታማሚ ግን አልጋው ቤቱ ነው።

በቤት ማስታመም እኛ ከማንም አናንስም። ታማሚ ብቻውን አይተውም፤ ጠያቂው አይቋረጥም፤ ጎረቤት አጥሚት ያፈላል፣ ዘመድ ያድራል። በሀብታም አገሮች ብዙ ሰው ሆስፒታል ውስጥ በመሣሪያ ተከቦ፣ ቤተሰቡም በሰዓት ገደብ እየጎበኘው ይሞታል፤ ሳንደርስ የታገለችው አንዱ ነገር ይህ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ሆስፒስ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ድሮም ወላጆቻችንን እናስታምማለን» ቢል ግማሽ እውነት አለው። ግማሹን እውነት የሚያጎድለው ግን ሌሊት ነው። ካንሰሩ አጥንቷ የደረሰ እናት ሌሊቱን ስትጮኽ ዙሪያዋን የከበቡት ልጆች ፍቅር አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ሕመሙን የሚያቆም መድኃኒትና የሚሰጥበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። በፍቅር የተከበበ ሰው ሕመሙ ሳይታገስለት ሊሞት ይችላል። ማስታመም አለን፤ ማስታገስ ግን የለንም። የንግግሬ ጭብጥ በአጭሩ ይህ ነው።

ታዲያ የሠለጠነ ነርስ ቤት ሲገባ የሚሠራው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሕመምን ይመዝናል። ታማሚውን ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ልክ ሕመሙ ስንት እንደሆነ ይጠይቀዋል፣ መቼ እንደሚብስ፣ እንቅልፍ ይነሳው እንደሆነ ያጣራል። ከዚያ የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ባወጣው ደረጃ መሠረት መድኃኒት ይሰጣል፤ ለቀላሉ ሕመም ፓራሲታሞል ወይም ዲክሎፌናክ፣ ለመካከለኛው ኮዴይን ወይም ትራማዶል፣ ለከባዱ ሞርፊን። ከመድኃኒቱ ዓይነት ይልቅ ብዙ ሰው የሚስተው ሰዓቱን ነው። ሕመሙ እስኪመለስ ጠብቆ መስጠት ታማሚውን ዘወትር በፍርሃት ያኖረዋል፤ ትክክለኛው አሠራር ሕመሙ ሳይመለስ በሰዓቱ መስጠት ነው። የሚጠጣ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ይሰጣል፤ እንቅልፍ እንዳይቆራረጥ በመኝታ ሰዓት መጠኑን ከፍ ማድረግ የተለመደ ነው። ሞርፊን ሆድ ስለሚያደርቅ የሆድ ማለስለሻ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። ይህን የሚያስታውስ ባለሙያ ከሌለ ታማሚው በሆድ ድርቀት ይሰቃይና መድኃኒቱን ራሱን ይጠላል።

ሁለተኛው ሥራ ሰው አፍሮ የማያወራቸውን ነገሮች መፍትሔ መስጠት ነው። የጡት ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ቁስል ሲከፈት የሚያመጣው ሽታ ሴትዮዋን ከሰው ይለያታል፤ ጠያቂው ከበር ይመለሳል፣ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ይህን ሽታ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው ሜትሮኒዳዞል ተፈጭቶ በታጠበው ቁስል ላይ ሲነሰነስ በጥቂት ቀናት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሰዋል። ይህንን ባለማወቅ ብቻ የስንት እናቶች የመጨረሻ ወራት በመገለል እንዳለፈ አስቡት። ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ አፉ ሲደርቅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማርጠብ፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ቀና አድርጎ አስደግፎ መስኮት መክፈትና ፊቱ ላይ ማራገብ፣ በአነስተኛ መጠንም ሞርፊን መስጠት፤ ይህ ሁሉ ለአስታማሚ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያስተምሩት የሚቻል ነው። ምግብም አንድ ትልቅ የጭንቀት ምንጭ ነው። «አልበላም ስላለች ነው የደከመችው» ብሎ ቤተሰቡ ያስገድዳል፤ ታማሚዋ ትተፋለች፤ ሁሉም ያዝናል። በመጨረሻው የሕይወት ምዕራፍ የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው ሰውነቱ መፍጨት ስላቃተው ነው፤ ማስገደዱ ስቃይ ከመጨመር በቀር ዕድሜ አያስረዝምም። የሚበላውን ያህል፣ በፈለገ ሰዓት፣ ትንሽ ትንሽ መስጠት ይበቃል። ይህን ከባለሙያ አፍ የሰማ ቤተሰብ ከሞቱ በኋላም «በረሃብ ገደልናት» ከሚል ጸጸት ይድናል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ክብደት ያላቸው ናቸውና በቁም ነገር መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው ሞርፊንን የሚመለከት ነው። ሰዎች ሱስ ያስይዛል፣ ሞትንም ያፋጥናል ብለው ይፈራሉ፤ ከጤና ባለሙያዎችም መካከል የሚፈሩ ብዙ ናቸው። ሱስ ማለት ጉዳት እንደሚያደርስ እያወቁ ዕፁን መፈለግና ማሳደድ ነው፤ የካንሰር ታማሚ ግን የሚያሳድደው ዕፁን ሳይሆን እንቅልፍን ነው። ሰውነቱ መድኃኒቱን መልመዱ እውነት ነው፤ ስለዚህም ማቆም ካስፈለገ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ይቀነሳል። ሞትን ያፋጥናል የሚለው ደግሞ ሞርፊን ከሚሰጥበት ጊዜ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ለመጨረሻው ሰዓት ከተቀመጠ ሞቱ ተከትሎት ስለሚመጣ ሰው ሁለቱን ያያይዛቸዋል። ከትንሽ ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ቀስ እየተባለ ሲጨመር ግን አተነፋፈስን የሚያውክበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ከእጅ ወጥቶ ለአላግባብ ጥቅም ይውላል የሚለው ስጋት የተሻለ መሠረት አለው፤ መልሱ ግን ቁልፍ፣ መዝገብና ልዩ የሐኪም ማዘዣ እንጂ ክልከላ አይደለም። የናርኮቲክ ዕፆችን ለመቆጣጠር በ1961 የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንኳ በመግቢያው መድኃኒቶቹ ሕመምን ለማስታገስ የግድ እንደሚያስፈልጉና አገሮች እንዳይጎድሉ ማድረግ እንዳለባቸው ይናገራል። ዓለም ቁጥጥሩን አጥብቆ አቅርቦቱን ረስቷል፤ የላንሴት ኮሚሽን እንደዘገበው በዓመት ከሚከፋፈለው ወደ 300 ቶን የሚጠጋ የሞርፊን አቻ መድኃኒት ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከእምነት የሚነሳ ነው። ይህ ክብካቤ ተስፋ መቁረጥ ነው፣ ማዳን የእግዚአብሔር፣ የአላህ ሥራ ሆኖ ሳለ ሰው «አይድንም» ብሎ መፍረድ አይገባውም ይባላል። የማስታገሻ ክብካቤ ግን በማንም ላይ የሞት ቀን አይቆርጥም፤ ዓላማው ሞትን ማፋጠንም ማዘግየትም አይደለም። ጸበሉን፣ ጸሎቱን፣ ዱዓውን አይከለክልም፤ ሕመሙ የታገሰለት ሰው ጸሎቱን ተረጋግቶ ያደርሳል፣ ሶላቱን በተቀመጠበት ይሰግዳል። የታመመን መጠየቅ በክርስትናውም ከከበሩት ምግባራት አንዱ፣ በእስልምናውም ሙስሊም ለሙስሊም ካለበት ሐቅ አንዱ ነው። ሰው ጠይቆ ሕመሙን አይቶ ማስታገስ ሲችል መተው ከየትኛው ሃይማኖት ትምህርት ጋር ይስማማል? ተስፋስ ቢሆን መልኩ ብዙ ነው። የመዳን ተስፋ ሲደክም ሳይጮኹ የማደር፣ የልጅን ሠርግ የማየት፣ ለመስቀል ወይም ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ልጆች በነቃ ልብ የመቀበል ተስፋ ይቀራል። የዚህን ተስፋ በር የሚከፍተው የሕመም መታገስ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ለታማሚው እውነቱን መንገር ነው። በእኛ ልማድ ሐኪም ምርመራውን የሚነግረው ለቤተሰብ ነው፤ ቤተሰቡም «ከሰማ ይሞትብናል» ብሎ ይደብቃል። ይህ ልማድ ከክፋት ሳይሆን ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ በንቀት ልንጥለው አይገባም። ሆኖም የድብቁን ዋጋ እናስላ። ዕዳው ለማን እንዳለ ሳይናገር የሞተ አባት ለልጆቹ ክርክር ያወርሳል። ኑዛዜ፣ ወሲያ ሳያደርግ፣ ንስሐ ሳይገባ፣ ከተቀያየመው ወንድሙ ጋር አውፍ ሳይባባል የሄደ ሰው ቤተሰቡ «ባወቀ ኖሮ» እያለ ይኖራል። ታማሚውም አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ነግሮታል፤ ሁሉም የሚያውቀውን ሁሉም የሚደብቅበት ቤት ለታማሚው ጓደኛ የሌለበት ቤት ነው። የሆስፒስ ነርስ የምትከተለው መንገድ መርዶ መንገር አይደለም። በመጀመሪያ «ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ? ምን ያህል ማወቅስ ይፈልጋሉ? ወይስ ከልጅዎ ጋር እንነጋገር?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን አክብራ በጠየቁት ልክ፣ ደረጃ በደረጃ ትናገራለች። ማወቅ የማይፈልግ ሰው ያለማወቅ መብቱ ይጠበቅለታል። የሚፈልገው ሰው ግን ማንም ሳይጠይቀው እንዳይሞት ይህ መንገድ ያደርጋል።

አራተኛው የአቅም ጥያቄ ነው። ሕፃናት በሚድን በሽታ በሚሞቱበት አገር ለማይድኑ ሰዎች ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ሊሰማ ይገባዋል። ነገር ግን ለማይድነው ሰው ገንዘብ አሁንም እየወጣ ነው፤ የሚወጣው ግን በከንቱ ነው። የመጨረሻዋ ላም የምትሸጠው ታማሚውን ለማዳን ሳይሆን መልስ ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ለማንከራተት ነው። ከመጀመሪያው ሐቁን የሚነግር፣ ስቃዩን በአቅራቢያ የሚያስታግስ ባለሙያ ቢኖር የመኪናው፣ የአልጋው፣ የድጋሚ ምርመራው ወጪ ይቀር ነበር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል በ151 የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2010 የታተመ ጥናት ክብካቤውን ከሕክምናቸው ጋር ቀደም ብለው ያገኙት ኑሯቸው የተሻለ እንደነበር፣ በመጨረሻው ሰዓት አድካሚ ሕክምና እንደቀነሰላቸው፣ ዕድሜያቸውም በመካከለኛ ግምት 11.6 ወር ሲሆን ሌሎቹ 8.9 ወር እንደኖሩ አሳይቷል። ክብካቤው ለድሃ አገር እንደማይሆን የሚያስብም ኡጋንዳን ይመልከት። ያች አገር ሞርፊንን ዱቄቱን አስመጥታ በውኃ እየበጠበጠች በርካሽ ታዘጋጃለች፤ ሐኪም ስለማይበቃትም በ2004 የሠለጠኑ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደች። እርግጥ የአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ቀኑ የተጣበበ ነው፤ የቤት ጉብኝት ሲጨመርበት ሌላው ሥራ ይጎዳል። ለዚህም ነው ነርሱ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በመካከሉ ያሉትን ቀናት ደግሞ የሠለጠኑ የአካባቢ በጎ ፈቃደኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንዲሸፍኑት የሚያስፈልገው።

ይህ ዓይነቱ አደረጃጀት ምኞት አይደለም። በሕንድ የኬረላ ግዛት የየሠፈሩ ሰዎች በየወሩ ጥቂት ሳንቲም እያዋጡ፣ በጎ ፈቃደኞች እየሠለጠኑ፣ ነርስ እየቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎችን በቤታቸው ተንከባክበዋል፤ በ2008 መንግሥቱ ይህንኑ የግዛቲቱ ፖሊሲ አደረገው። በየወሩ ማዋጣት፣ በየተራ መውጣት፣ ያልመጣውን መቅጣት ለማን ነው አዲስ የሚሆነው? ዕድርን በአዲስ አበባ ያስፋፉት በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ከተማዋ የገቡ የጉራጌ ተወላጆች እንደሆኑ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማሙበታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እነዚሁ ተወላጆች የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ ከደሃውም ከነጋዴውም መዋጮ ሰብስበው ለአገራቸው መንገድ አወጡ። ኤች አይ ቪ አዲስ አበባን ባጠቃበት ዘመንም መድኃኒቱ ገና ሳይዳረስ በርካታ ዕድሮች ሥራቸውን ከቀብር አስፋፍተው በየቤቱ የተኙትን በበጎ ፈቃደኞች አማካይነት አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ረድተዋል። «የዕድር ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚለው መከራከሪያ በእነዚህ ዕድሮች ሥራ መልስ አግኝቷል። በእርግጥ አባላት ለቀብር ብለው ያዋጡትን ገንዘብ ያለ ጉባኤ ውሳኔ ለሌላ ማዋል ተገቢ አይደለም። ነገር ግን ታማሚ ያለበት ቤት ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምታስታምመው ሚስት፣ ምራት ወይም ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ናት። ለእሷ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ የሚተካት ሰው በተራ መመደብ ለዕድሩ ካዝና አንድ ብር አያስወጣም።

እንግዲህ ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ማን ምን ያድርግ? ከጤና አስተዳደሩ የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው፤ የሚጠጣ ሞርፊን በቡታጅራ እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ ከእንሴኖ ጤና ባለሙያዎች ቢያንስ ሁለት ሰዎችን በማስታገሻ ክብካቤ ማሠልጠን፣ ከአዲስ አበባና ከቡታጅራ «ወደ ቤት ውሰዷቸው» የተባሉ ታማሚዎች መጥተው የሚመዘገቡበት አንድ መዝገብ መክፈት። የሃይማኖት አባቶች በስብከታችሁና በዳዕዋችሁ ሕመምን ማስታገስ ተስፋ መቁረጥ እንዳልሆነ ንገሩልን፤ ሕዝቡ ከሐኪም በላይ የሚያምነው እናንተን ነው። ቤተሰቦች ደግሞ ከሆስፒታል በር ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ሳትጠይቁ አትውጡ፤ ሕመሙ ሲብስ ምን እንስጥ? መድኃኒቱ ሲያልቅ ከየት እናገኛለን? ሌሊት ቢቸግረን ለማን እንደውል? ሐኪሙ ለእነዚህ መልስ ሳይሰጥ ታማሚ ቢያሰናብት ሥራውን አልጨረሰም።

የዕድር ዳኞች ሆይ፣ የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ነው። በደንባችሁ ውስጥ ድንኳኑ በስንት ሰዓት እንደሚተከል፣ ለቀብር ያልወጣ አባል ስንት ብር እንደሚቀጣ በዝርዝር ተጽፏል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ በማይድን ሕመም አልጋ ሲይዝ ዕድሩ አስታማሚ በተራ ይመድባል፣ ነርስ እንዲመጣለትም ጤና ጣቢያውን ይጠይቃል የሚል። ይህን አንቀጽ የሚያጸድቅ የመጀመሪያው ዕድር ከእንሴኖ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።